«ፉከራ» እና «ዛቻ» በራፕ ግጥም ትርጉም

አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በሚጎራበቱበት በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት አካባቢ፥ ፎካሪ በሠርግ ላይ ተነሥቶ «ገዳይ ነኝ» ቢል ሰሚው እንደ እምነት ቃል ይዞ ዳኛ ዘንድ አይሄድም። ፉከራ የራሱ ሥርዐት ያለው ሥነ ቃል ነውና።

በቺካጎ በተቀናቃኝ የሰፈር ቡድኖች መካከል የበቀለውን ድሪል የተባለ ራፕ ስንተረጉም ግን «ዛቻ» የሚለው ቃል ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል። ዛቻ በሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ስም በመሆኑ ተርጓሚው ሳያስበው ይፈርዳል። ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 የዘፈን ግጥም በወንጀል ክርክር ማስረጃ የሚሆንበትን መንገድ በሕግ ገድባለች።

ስለዚህ ያለፈ ጀብዱ ለሚነገርበት ስንኝ «ፉከራ»ን፥ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ወደፊት ሊደርስ ለታሰበ ጉዳት ብቻ «ዛቻ»ን እንመርጣለን። የሞተ ባላንጣን በስም ጠርቶ መሣለቅ ግን ከሁለቱም አይገባም፤ ሙት ወቃሽነት ነው፥ ፉከራ ብንለው ፎካሪዎቻችንን እናስቀይማለን።

«ወሮበላ»ም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ወሮ የበላ» ማለት ስለሆነ ወንጀሉ ካልተረጋገጠ «የሰፈር ቡድን» ይበቃል።