አንድ ረድፍ ምንን ይወክላል? የክላውድ መተግበሪያ ሎጎችን በኤስኪውኤል መመርመር

በክላውድ ላይ የሚሠራ አንድ መተግበሪያ በቀን የሚጽፋቸው የሎግ መስመሮች በሰው ዓይን ሊነበቡ ከሚችሉት እጅግ ይበልጣሉ። በዚህም ምክንያት ሎግን መመርመር ፋይል ከፍቶ ቃል ከመፈለግ መጠይቅ ወደ መጻፍ ተሸጋግሯል። የጉግል ክላውድ ሎግ አናሊቲክስ ሎጎችን በቢግኩዌሪ ሞተር አማካይነት በኤስኪውኤል ለመጠየቅ ያስችላል። የአማዞን አቴና ደግሞ በኤስ3 የተከማቹ የሎግ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዳታቤዝ ሳያዛውር እንደ ሠንጠረዥ ያነባል። ለተመራማሪው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚያውቀውን ቋንቋ ይዞ ወደ አዲስ የመረጃ ዓይነት ይገባል። ሆኖም ቋንቋው የተቀረጸው ለሌላ ዓይነት መዝገብ ነበር።

ኤድጋር ኮድ የዝምድናዊ ሞዴልን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቀርብ፣ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስም በ1974 በአይቢኤም የቋንቋውን የመጀመሪያ መልክ ሲያሳውቁ፣ ምሳሌዎቻቸው በአመዛኙ የሠራተኛ፣ የአቅራቢና የዕቃ መዝገቦች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ረድፎችን መቁጠርም ሠራተኞችን መቁጠር ነው። የሎግ ረድፍ ግን ተጠቃሚንም ሆነ ድርጊትን በቀጥታ አይወክልም። የሚወክለው አንድ ፕሮግራም በአንድ ቅጽበት እንዲጽፍ የታዘዘውንና ለመጻፍም የቻለውን ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ መታዘዙ ወይም መቻሉ፣ ሲጎድል ረድፉ አይኖርም፤ መጠይቁም ስለ ጉድለቱ አንዳች የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ንጹሕ የሚመስል ቁጥር ይመልሳል።

ነገሩን ለማስረዳት የተማሪዎች የኮርስ ምዝገባ መተግበሪያን እናስብ። መተግበሪያው ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ጥያቄውን ሲቀበል አንድ የመነሻ መስመር ይጽፋል፤ መልስ ሲሰጥም የመልሱን ኮድና የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ የያዘ የመድረሻ መስመር ይጽፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 1000 የመነሻና 900 የመድረሻ መስመሮች ተጻፉ እንበል። ከ900ው መካከል 18ቱ የ500 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኮድ ይዘዋል። የመድረሻ መስመሮችን ብቻ የሚያይ መጠይቅ የውድቀቱ መጠን 2 በመቶ ነው ይላል። የቀሩት 100 ጥያቄዎች ግን የማስታወሻ ገደቡ ስላለፈ መድረኩ መካከል ላይ ያቋረጣቸው ሂደቶች ናቸው፤ የሞተ ሂደት ደግሞ የራሱን መርዶ አያረዳም። ትክክለኛው መጠን ከ1000ው 118፣ ማለትም 11.8 በመቶ ነው።

ይህን የተረዳ ተመራማሪ የመነሻውን ሠንጠረዥ ከመድረሻው ጋር በሌፍት ጆይን ያገናኛል፤ መድረሻ የሌላቸው ረድፎችም በኮዱ ዓምድ ላይ ነል ይዘው ይመጣሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ያልተሳኩትን ለመለየት «ኮዱ ከ200 የተለየ» የሚል ቅድመ ሁኔታ በዌር ክፍል ላይ ቢጨምር የፈለጋቸው 100 ረድፎች ወዲያውኑ ይጠፋሉ። ምክንያቱም ኤስኪውኤል የሚሠራው በሦስት የእውነት ዋጋዎች ነው፤ እውነት፣ ሐሰትና ያልታወቀ። ነል ከ200 ይለያል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ያልታወቀ» ነው፤ ዌር ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። በመሆኑም ሌፍት ጆይኑ በጽሑፍ እንዳለ ሆኖ በተግባር ወደ ኢነር ጆይን ይለወጣል። መፍትሔው አጭር ነው፦ በኮዱ ላይ «ኢዝ ነል» የሚለውን ሁኔታ በ«ኦር» ጨምሮ በግልጽ መጻፍ። በመድረሻው ሠንጠረዥ ላይ የሚጣል ማጣሪያ፣ ለምሳሌ የቀን ገደብ፣ ካለ ደግሞ ከዌር አውጥቶ ወደ ኦን ክፍል ማዛወር ያስፈልጋል።

ነል በቆጠራና በአማካይም ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ካውንት በኮከብ ሲጻፍ ረድፎችን ሁሉ ይቆጥራል፤ በዓምድ ስም ሲጻፍ ግን ነል የያዙትን ይዘላል። የሁለቱ ልዩነት የመቶኛው ማካፈያ 1000 ይሁን ወይስ 900 የሚለውን ይወስናል። የጊዜ አማካይም እንዲሁ የሚሰላው በጨረሱት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ከመገደላቸው በፊት ረጅም ሰዓት ሲንገታገቱ የቆዩት ያልጨረሱት ናቸውና፣ አገልግሎቱ እየባሰ በሄደ ቁጥር አማካዩ እየተሻሻለ የሚታይበት ሁኔታ ይፈጠራል። በእኔ አስተያየት የሎግ ጥናትን ከሚያበላሹ ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ሪፖርቱ የሚያምረው ተጠቃሚው በተቸገረበት ሰዓት ነውና።

ተቃራኒውን ማጋነንም ማስቀረት ያስፈልጋል። መድረሻ የሌለው ጥያቄ ሁሉ የወደቀ አይደለም። ጥናቱ እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ከሆነ፣ 4 ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው የተነሣ ጥያቄ ገና በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። በስታቲስቲክስ የሕልውና ትንተና ያጠኑ ሰዎች ይህን በቀኝ በኩል የተቆረጠ መረጃ በሚል ያውቁታል። የመነሻ መስመሮችን እስከ 4 ሰዓት ወስዶ የመድረሻ መስመሮችን ግን መተግበሪያው አንድን ጥያቄ ሊያስተናግድ እስከሚፈቀድለት ከፍተኛ ጊዜ ድረስ ማራዘም በአብዛኛው ይበቃል።

እስካሁን የቆጠርነው ጥያቄዎችን እንጂ ተማሪዎችን አይደለም። አንድ የስልክ መተግበሪያ 503 ሲመለስለት ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ሊሳካለት ይችላል። በረድፍ ሲቆጠር ከ4 ሙከራ 3ቱ ወድቀዋል፤ በተማሪው ዓይን ግን ምዝገባው ትንሽ ዘግይቶ ተሳክቷል። የተለያዩ ጥያቄዎችን ወደ አንድ ዓላማ ለመሰብሰብ በተማሪው መለያና በኮርሱ ኮድ ግሩፕ ባይ ማድረግ፣ ከዚያም በቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ስኬት መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። የሙከራዎቹን ርቀት ለማወቅም ላግ የተባለው የመስኮት ተግባር የቀደመውን ረድፍ ሰዓት አጠገቡ ያቀርባል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማድረስ ዋስትና በሚሰጡ የማስተላለፊያ ሥርዓቶች በኩል ያለፈ ሎግ ከሆነ ግን አስቀድሞ ድግግሞሹን ማጥራት ይገባል፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ የደረሰ አንድ መስመር እንደ ሁለት ሙከራ ይቆጠራል።

ወደ መተግበሪያው ጨርሶ ያልደረሱትስ? እነሱ ያሉት ከፊት ባለው ሎድ ባላንሰር ሎግ ውስጥ ነው። ሁለቱን ሎጎች በጋራ የመከታተያ መለያ ማገናኘት የሚቻል ሲሆን፣ ከማገናኘት በፊት ግን እያንዳንዱን ወገን በመለያው ወደ አንድ ረድፍ ማጠቃለል ግድ ነው። መተግበሪያው ለአንድ ጥያቄ 6 መስመር ከጻፈ፣ ሳይጠቃለል የተገናኘው የሎድ ባላንሰር ረድፍ 6 ጊዜ ይባዛል፤ የባይቶቹ ድምርም ስድስት እጥፍ ይሆናል። በተጨማሪም ሎድ ባላንሰሮች ወጪን ለመቀነስ የጥያቄዎችን ከፊል ብቻ በናሙና እንዲመዘግቡ ሊዋቀሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በአንዱ ወገን ያልተገኘ ረድፍ የጠፋ ሳይሆን ያልተመረጠ ነው፤ ይህን ከመጠይቁ ማወቅ አይቻልም፤ የአገልግሎቱን ውቅር ማየት ያስፈልጋል።

ሰዓትን በተመለከተ የክላውድ ሎጎች በአብዛኛው የሚጻፉት በዩቲሲ ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተከፈተ ምዝገባ በሎጉ ላይ 06:00 ሆኖ ይታያል። በቀን ሲመደብም የሎጉ ቀን የሚለወጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት ላይ ብዙ ተማሪ በሚመዘገብበት ሥርዓት የዕለት ንጽጽሩን የሚያዛባው ይኸው ነው፤ በመጠይቁ የቀን ተግባር ላይ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መጥቀስ ይበቃል።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቢግኩዌሪና አቴና ክፍያ የሚጠይቁት በሚነበበው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ መጠይቁን በሊሚት 10 መጨረስ በተለመደው የቢግኩዌሪ ሠንጠረዥ የሚነበበውን መጠን አይቀንስም። የሚቀንሰው የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ መጥራትና ሠንጠረዡ የተከፋፈለበትን ቀን መገደብ ነው።

የሎጎቹ ዕድሜም አጭር ነው። በጉግል ክላውድ ነባሪው የሎግ ማጠራቀሚያ ካልተለወጠ በቀር መረጃውን ለ30 ቀናት ብቻ ያቆያል፤ የመመረቂያ ጥናት ግን ከ30 ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ተመራማሪው የመረጠውን ክፍል ገና በጅምሩ፣ ከመጠይቁ ጽሑፍ ጋር፣ ወደ ራሱ ሠንጠረዥ መቅዳት አለበት። በሚቀዳበት ጊዜ ስልክ ቁጥሮችን በተራ ሃሽ መተካት ማንነትን ይሰውራል ብሎ መተማመን አይገባም። በ09 እና በ07 የሚጀምሩት የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥሮች ቢበዛ 200 ሚሊዮን ናቸው፤ ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ማመሳሰል ለአንድ ላፕቶፕ ቀላል ሥራ ነው። ሃሹ በምስጢር ቁልፍ መሠራት፣ ቁልፉም ከሠንጠረዡ ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።