የማይዋሽ መም
«ፓይንዉድ ደርቢ» እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች ውስጥ ዶን መርፊ ለስካውት ልጆች የጀመሩት ውድድር ነው። 142 ግራም ገደማ የሚመዝኑ የእንጨት መኪኖች በስበት ኃይል ብቻ ቁልቁል ይወርዳሉ።

ለልጄ መኪና በቤቴ ከጣውላ የሠራሁት የሙከራ መም መጀመሪያ አሳሳተኝ። መንኰራኵሮቹ የሚዞሩባቸውን ምስማሮች በግራፋይት ዱቄት ስናለሰልስ መኪናው ፈጠነ፤ ልጄም ፈነደቀ። ሆኖም ምንም ያልነካነውን ሌላ መኪና ባወርድ፣ እርሱም በዚያው ልክ ፈጠነ። ለካስ በመካከሉ የጣውላዎቹን መጋጠሚያ አስተካክዬ ኖሯል።

ስለዚህ መሙ የግድ ረጅም መሆን የለበትም፤ የማይናወጥ ይሁን እንጂ። መኪናውን በእጅ ሳይሆን በሚወድቅ መዝጊያ ልቀቁ፤ አንዱን መኪና ለማነጻጸሪያ ሳትነኩ አኑሩ፤ ሁለቱንም ደጋግማችሁ አውርዱ። ያልተነካው መኪና ሰዓት ከተለወጠ፣ የለካችሁት መሙን ነው።