«ዓይን»፦ ደብዝዛ የምትታየው ግዙፍ ኮከብ

መምህራን ሳለን «ስለ ከዋክብት መማር ሐራም አይደለም ወይ?» የሚሉን ተማሪዎች ጥቂት አልነበሩም። ጥያቄው የሚመነጨው ኮከብ ቆጠራንና የሥነ ፈለክ ዕውቀትን ከማምታታት ነው። ዕጣ ፈንታን ከኮከብ መፈለግ በዲናችን የተከለከለ ነው። ከዋክብትን አይቶ መንገድን ማወቅ ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ነሕል ከጸጋዎቹ መካከል የጠቀሰው ነው። ነገሩን በአንዲት ኮከብ እናሳይ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ምሽቶች፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቀና ብትሉ ቀላ ያለች ደማቅ ኮከብ ታያላችሁ። ስሟ ደበራን ነው፤ «ተከታይ» ማለት ነው። ሱረያ የሚባሉትን የተሰባሰቡ ከዋክብት ከኋላ ስለምትከተል ዐረቦች ይህን ስም ሰጧት። ደበራን አጠገቧ ካሉት ከዋክብት ጋር የዐረብኛው ቁጥር ሰባት የሚጻፍበትን ቅርጽ ትሠራለች። ከቅርጹ ሁለት ጫፎች በአንዱ ደበራን አለች፤ በሌላው ጫፍ ያለችው ደብዛዛ ኮከብ «ዓይን» ትባላለች። ስሙ የበሬውን ዓይን ያመለክታል። ቃሉ በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው፤ የዓለም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችም ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሯታል።

ደብዛዛነቷ ግን ያታልላል። ደበራን ከእኛ የምትርቀው 65 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን ዓይን ግን ወደ 147 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ፀሐያችንን ወስደን በእሷ ቦታ ብናስቀምጣት ያለ መነጽር ጭራሽ አትታይም ነበር! ዓይን በስፋት ከፀሐይ ከ12 እጥፍ በላይ ናት። በእምብርቷ የነበረውን ሃይድሮጅን ስለጨረሰች የውጭ አካሏ ተነፍቶ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ብርቱካንማ መልኳም ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች በዙሪያዋ የምትዞር፣ ከጁፒተር ቢያንስ 7 እጥፍ የምትከብድ ፕላኔት አግኝተዋል።

አሁን ዓይናችን ላይ የሚያርፈው ብርሃኗ ጉዞ የጀመረው በ1870 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ይገደዱ ነበር። አያት ቅድመ አያቶቻችን በዚያ መከራ ውስጥ ሳሉ የተነሣ ብርሃን ገና አሁን ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ964 ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በኢስፋሃን ሆኖ ስለ ቋሚ ከዋክብት ታዋቂ መጽሐፉን ጻፈ። የግሪኩን በጥሊሞስ መዝገብ እንዳለ አልቀዳም፤ የከዋክብቱን ድምቀት በራሱ ዓይን እያየ አረመ። የተማሪዎቻችንን ጥያቄ ከቃላት ይልቅ ይህ ሥራ ይመልሰዋል ብለን እናምናለን።

በመካ ሰማይ ዓይን የምታልፈው ከአናት ትንሽ ብቻ ዘንበል ብላ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም በቀላሉ ታገኟታላችሁ። ከመንገድ መብራት ራቅ በሉ። የጨረቃ ብርሃን እንዳይጋርዳት በሂጅራው ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ወይም ከ20ኛው ቀን በኋላ፣ ጨረቃ ሳትወጣ በጊዜ ፈልጓት።