ማደሪያና ማዕድ በአዲስ አበባ

ሕዝባችን እንግዳ በመቀበል ሲመሰገን የኖረ ሕዝብ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ወደ አንዱ ደጅ ቀርቦ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያካፍለዋል፤ ከመደቡም ላይ ያስተኛዋል። ከዚህም የተነሣ በቀድሞው ዘመን የእንጀራ ዋጋ መቀበልም ሆነ መክፈል እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ባሠሩ ጊዜ፣ ሰው ከፍሎ በአደባባይ መብላትን ስላፈረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ በመብላትና ሒሳብ በመክፈል ሕዝቡን እንዳለማመዱት ይተረካል። ያ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ቢጎዳም፣ ያስጀመረው ልማድ ግን ከተማውን ሞልቶታል።

ይሁን እንጂ የቀድሞው እፍረት ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። ዛሬም ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቤተ ሰብ፣ በሽተኛውን ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ለማድረስ ቢሆን፣ ልጁን ለማስመረቅ ቢሆን፣ ለሰርግ ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ቢሆን፣ አስቀድሞ የሚያስበው «የማን ቤት እንረፍ?» ብሎ ነው። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ዘመድን መናቅ ይመስለዋል፤ ዘመዱም ይህን ቢሰማ ይቀየማል። እኛ ግን ነገሩን በሁለቱም ወገን ሆነን እንድንመረምረው እንወዳለን።

የከተማው ዘመድ ቤት እንደ ባላገሩ ቤት ሰፊ አይደለም። ብዙው ሰው የሚኖረው በጠባብ የኪራይ ቤት ወይም አንድና ሁለት መኝታ ባለው ኮንዶሚኒየም ነው። በብዙ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ በበርሜልና በጀሪካን ተጠራቅሞ ተቆጥቦ ይሠራበታል። አምስት እንግዶች ሲገቡ ባልና ሚስት አልጋቸውን ለቀው በፍራሽ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ የነገ ፈተና ያለበት ልጅ የሚያጠናበት ጥግ ያጣል፤ እመቤቲቱም ፊቷን ሳታጠቁር ለሥጋና ለዘይት ትበደራለች። ይህን ሁሉ እንግዳው አያይም፤ የሚያየው ፈገግታዋን ብቻ ነውና። አበው በተረታቸው እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ማለታቸው እንግዳን ስለ ጠሉ ሳይሆን የሰውን አቅም ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ቆይታው ከሦስት ሌሊት የሚበልጥ ወይም ቤተ ሰቡ ብዙ ከሆነ፣ ማደሪያው በገንዘብ፣ ማዕዱ ግን ከዘመድ ጋር ይሁን። እንዲህ ሲሆን ፍቅር አይጎድልም፤ ሸክም ግን ይቀላል። አቅም ለሌለው፣ ብቻውን ለመጣ በሽተኛና ለአረጋዊ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ ለእነርሱ የዘመድ ቤት ዛሬም ዋናው ማረፊያቸው ነው።

ማደሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታሰበው የመጡበት ጉዳይ ነው። ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው በሆስፒታሉ አቅራቢያ ቢያድር፣ በየማለዳው በታክሲ ሰልፍ ከመድከም ይድናል፤ ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብም ከአልጋው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት። ሕክምናው ሳምንታት የሚወስድ ከሆነ፣ ማብሰያ ቦታ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ከሆቴል ይሻላል፤ ከቤት የመጣው ሽሮና በርበሬ በዚያ ይጠቅማልና።

የበር ላይ ጽሕፈትም እንግዳን ያሳስታል። «ሆቴል» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት አልጋ የሌለው ምግብ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። «ቡና ቤት» የተባለውም ብዙ ጊዜ ቡና የሚጠጣበት ሳይሆን መጠጥና ዘፈን እስከ እኩለ ሌሊት የሚሰማበት ነው፤ በጓሮው አልጋ ቢኖረውም ልጆች ለያዘ ቤተ ሰብ አይመችም። ከፔንሲዮኖቹም መካከል ለቤተ ሰብ የሚሆኑ ጸጥ ያሉ አሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አልጋ የሚያከራዩም አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ክፍሉን ገብቶ ማየት፣ የበሩን ቁልፍ መሞከር፣ ሙቅ ውኃ መኖሩን በቃል ሳይሆን ቧንቧውን ከፍቶ ማረጋገጥ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቢጠይቅ አያፍርም። መታወቂያ የሌለው አዋቂ ደግሞ ክፍል ሊከለከል ስለሚችል፣ ከመነሣት በፊት ይታሰብበት።

ከዓመታት በፊት ከተማውን ያየ ሰው የሚሰጠው አድራሻ ዛሬ ላይገኝ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንችስ ብዙ የቆዩ ቤቶች ለመንገድና ለአዲስ ግንባታ ፈርሰዋልና፣ ሳይደውሉ ወደ ቀድሞው ማረፊያ መሄድ ጓዝ ተሸክሞ መንከራተት ያመጣል። ደግሞም በየካቲት ወር የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲሰበሰቡ፣ እንዲሁም በመስቀልና በጥምቀት ሰሞን፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። ጉዳዩ የሚዘገይ ከሆነ ከእነዚህ ሳምንታት ማለፍ ይሻላል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ሆቴሎች የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ክፍሉ የሚለቀቀው «12፡00» ሰዓት ነው ተብሎ ቢጻፍ፣ እኩለ ቀን፣ ማለትም በእኛ 6 ሰዓት እንጂ ምሽት 12 ሰዓት ማለት አይደለም። ይህን ያላወቀ እንግዳ ለተጨማሪ ቀን እንዲከፍል ይጠየቃል። ቀንም አስቀድሞ ሲያዝ የወሩን ስም በሁለቱም አቆጣጠር መናገር ይበጃል።

ዋጋን በሚመለከት፣ በምግብ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በትልልቆቹም ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል። በዚህ ስሌት 1,000 ብር ተብሎ የተጻፈው ምግብ ሒሳቡ ሲመጣ 1,265 ብር ይሆናል። ከማዘዝ በፊት «ታክስ ተጨምሮበታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የጨዋ ጥያቄ እንጂ የስስት ምልክት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ በአውቶቡስ ተራ ግርግር ውስጥ መግባትም የግድ አይደለም።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። ለጿሚ ቤተ ሰብ አዲስ አበባ የምታስቸግር ከተማ አይደለችም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታም፣ ከትንሹ ምግብ ቤት እስከ ትልቁ ሆቴል ድረስ በያይነቱ ይቀርባል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድሮ ለሁለት ሰው የሚበቃበት ጊዜ አለ። ሆኖም «የጾም ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። ኬክና ዳቦ እንቁላልና ወተት ሊገባባቸው፣ ሽሮም በቅቤ ሊሠራ ይችላልና በግልጽ መጠየቅ ነው። ዓሣንም ከጾም ምግብ ጋር የሚያቀርቡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ቤተ ሰቡ የምግብ ቤቱን ልማድ ሳይሆን የንስሐ አባቱን ምክር ይከተል።

በፍስክ ቀን ሰው ያለበት፣ ሥጋው በዕለቱ የሚያልቅበት ሥጋ ቤት ይመረጣል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ የታወቀ ነውና፣ ለልጆችና ለበሽተኛ ጥብሱ ይታዘዝላቸው። ባልታወቀ ቤት ጥሬ ሰላጣ ከመብላት የበሰለውን ትኩስ ምግብ መብላት ይሻላል፤ በጉዞ ላይ የሆድ ሕመም የመጡበትን ጉዳይ ሁሉ ያሰናክላልና።

ስለ መጠጥ ደግሞ፣ ውኃው የታሸገ ይሁን፤ ክዳኑም ቀድሞ አለመከፈቱ ይታይ። ቡና ለሚወድ በአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ደስታ አለ። አንደኛው በየደጁ ሣር ጎዝጉዛ፣ ረከቦቷን ዘርግታ፣ በጀበና የምታፈላዋ እኅታችን ናት። ሁለተኛው ከጣልያኖች የተወረሰው የማሽን ቡና ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቶሞካ ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ቃላት አጽሕሮት ሲሆን፣ ቡናው በረዣዥም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ በመጠጣት ይታወቃል። ማኪያቶ ወተት አለበትና ጿሚ ጥቁሩን ይዘዝ። ወደ ጠጅ ቤት የሚገባም አንድ ብርሌ ጠጅ ከምግብ ጋር ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ለልጆችና ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ይጠየቅለታል።

በመጨረሻ፣ በገንዘብ ያደረ እንግዳ ዘመዱን አይርሳ። በመጣበት ማግሥት ደውሎ «ማደሪያ አግኝተናል፤ እሑድ ቡና ልንጠጣ እንመጣለን» ቢል፣ አክስቲቱ መጀመሪያ ቅር ቢላት እንኳ ኋላ ታመሰግናለች። ሲሄዱም ባዶ እጅን አይኬድም፤ አንድ ጠርሙስ ማር፣ ጥቂት ቅቤ፣ በጾም ከሆነ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። አብሮ ተበልቶ፣ የአገር ቤት ወሬ ተወርቶ፣ ልጆች ተመርቀው፣ ሳይመሽ ተነሥቶ መመለስ ነው። የሚቀጥለውን ጊዜ «መቼ ትመጣላችሁ?» ተብሎ የሚጠየቀው እንግዳ፣ ሳይከብድ የሄደው ነው።