የብስክሌት የፊት ዕቃ መጫኛ በአነስተኛ ወጪ

ከካኮ ወደ ጂንካ በብስክሌት ዕቃ ስታመላልሱ ሸክሙን ሁሉ ከኋላ ብትጭኑ፣ ዳገት ላይ የፊተኛው ጎማ ይቀላል፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ከሸክሙ ጥቂቱን ወደ ፊት ማዛወር ይበጃል።

ለዚህም ውድ ፖርቶመጋላ መግዛት አያስፈልግም፤ ባለ 6 ሚሊሜትር ፌሮ በብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን መጫኛው ጎማውን ከያዘው ሹካ ጋር በብሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ የብየዳ ሙቀት ሹካውን ያዳክመዋልና።

ሸክሙ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን። ማሰሪያው ያረጀ ካላማዳሪ ቢሆን ይበቃል፤ ጫፉ ግን አይንጠልጠል። ወደ ጎማው ሽቦ ከገባ ብስክሌቱ ድንገት ቆሞ ነጂውን በግንባሩ ይደፋዋልና። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ፍሬኑንም ይዛችሁ ፈትኑ።