ካርል ሽፒትስቬግ፣ መድኃኒት ቀማሚው ሠዓሊ

ጣሪያው ስለሚያፈስ ከፍራሹ በላይ ጃንጥላ ተዘርግቶ ተሰቅሏል። ገጣሚው የሌሊት ቆቡን እንዳጠለቀ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሹ ተጋድሟል። የላባ ብዕሩን በጥርሱ ነክሶ፣ በጣቶቹ የስንኙን ምጣኔ የሚቆጥር ይመስላል፤ ቁንጫ ይዞ ነው የሚሉም አሉ። ምድጃው አፍ ላይ የተከመረው ማገዶ ገጣሚው ራሱ የጻፋቸው ወረቀቶች ናቸው። ባርኔጣውን የምድጃው ቱቦ ላይ አንጠልጥሎታል፤ እሳት ቢነድ ኖሮ እዚያ ባልሰቀለው። በመስኮቱ በኩል በረዶ የለበሱ ጣሪያዎች ይታያሉ።

ይህ ሁሉ 36 በ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነች ሥዕል ውስጥ ነው። «ድሃው ገጣሚ» ትባላለች፤ ጀርመናዊው ካርል ሽፒትስቬግ በ1839 እ.ኤ.አ. ሣላት። ሙኒክ ውስጥ ለእይታ ስትቀርብ ወቀሳ እንጂ ሙገሳ አልገጠማትም። በገጣሚ መቀለድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ፍቅር ነው የማይባት። ሰውየው ብርዱንም ፍሳሹንም ረስቶ ስንኙ ውስጥ ገብቷል።

ሽፒትስቬግ በ1808 ሙኒክ አጠገብ ተወለደ። የተማረው የመድኃኒት ቅመማ ነው፤ ትምህርቱንም በ1832 አጠናቀቀ። በማግስቱ ዓመት ታመመ፤ በማገገም ላይ ሳለ ሠዓሊ ለመሆን ቆረጠ። ከአባቱ የወረሰው ገንዘብ ስለነበረው ለእንጀራ ብሎ መሣል አላስፈለገውም። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ የቀድሞዎቹን የኔዘርላንድና የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ሥራ እየገለበጠ እጁን አፍታታ። ቀለም ሲያዋህድም የቀድሞ ሙያው ሳይጠቅመው አልቀረም።

በሥዕሎቹ ውስጥ ጀግና የለም፤ ያሉት በየጓዳው በፍላጎታቸው የተጠመዱ ሰዎች ናቸው። 1850 ገደማ በሣለው «የመጽሐፍ ትል» ላይ አንድ ሽማግሌ መሰላል ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ አንድ መጽሐፍ በእጃቸው ገልጠው ያነባሉ፣ ሌላውን በሌላ እጃቸው ይዘዋል፣ አንዱን በብብታቸው፣ አንዱን በጉልበታቸው መሐል አጣብቀዋል። አንዱንም ማስቀመጥ አልሆነላቸውም።

ሽፒትስቬግ ሳያገባ ኖሮ በ1885 ሙኒክ ውስጥ ሲሞት ከሺህ በላይ ሥራዎች ትቶ አለፈ። «ድሃው ገጣሚ»ን ከአንድ ጊዜ በላይ ሥሏታል፤ አንዷ የሙኒኩ ኖየ ፒናኮቴክ ሙዚየም ንብረት ናት፤ ሌላዋ በርሊን ነበረች። የበርሊኗን በ1976 ኡላይ የተባለ አርቲስት ከሙዚየም ሰርቆ በአንድ የቱርክ ስደተኛ ቤተሰብ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀላት፤ ያኔ ተመለሰች። በ1989 ግን ከሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት እንደገና ተሰረቀች፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አልታወቀም።