ከሰርቨር ወደ ዲቪዲ፦ በቀጥታ ወይስ ዞሮ?

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት በሰፊው ከፈረሰ ወዲህ የብዙ ግቢ ትዝታ የቀረው በፎቶና በቪዲዮ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በምሠራበት ቢሮ ሰርቨር ላይ የተጠራቀመውን ለቀድሞ ነዋሪዎች በዲቪዲ እያወጣሁ እሰጣለሁ። ሁሌ የምጠየቀው «ከሰርቨሩ በቀጥታ ለምን በርን አታደርገውም? ኮፒ ማድረጉ ጊዜ ማባከን አይደለም?» የሚል ነው።

አይደለም። ሌዘሩ መጻፍ ከጀመረ መረጃው ሳይቆራረጥ ሊደርሰው ይገባል። በ16 እጥፍ ፍጥነት የሚጻፍ ዲቪዲ በሰከንድ 22 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። ባለ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ግን፣ 8 ቢት አንድ ባይት ነውና፣ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው፤ ያውም ሒሳብ ክፍል በዚያው መስመር ካልገባበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2000 ገደማ የመጣው መከላከያ፣ በርነሩ መረጃ ሲያጥረው ቆም ብሎ ጠብቆ ካቆመበት እንዲቀጥል ያስችለዋል። ኔትወርኩ ጨርሶ ከተቋረጠ ግን ሥራው ይቆማል፤ አንዴ ብቻ የሚጻፍ ዲስክ ከሆነም ከታክሲ መስታወት ላይ ለመንጠልጠል እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ስለዚህ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ራስዎ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። መብራት ቢጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ካለ ደግሞ እሰየው። 4.7 ጊጋባይት የሚባለው ዲቪዲ በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 4.37 ገደማ ስለሆነ እስከ አፍ ገደፉ አይሙሉት። የፋይሎቹ ስም በአማርኛ ከሆነ «ጆሊየት» ወይም «ዩዲኤፍ» የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ «የእማማ ግቢ» ብለው የሰየሙት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሲጨርስ «ቬሪፋይ» በሚለው የተጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክሩ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማጫወቻ ስለሌላቸው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውም ባለበት ይቆይ።